ክቡርነታቸው ዳጉ የተቀመጡ ዕለት

ሰመራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሳለሁ ዋናው ሥራዬ ማይክሮፎን መሞከር ነበር። «አንድ፣ ሁለት» እላለሁ። ከእኔ ቀጥሎ የሚናገረው ሰው ብዙ ጊዜ ከዚህ የጠራ ነገር አይናገርም።

የዚያን ዕለቱ ተናጋሪ ክልሉን ወክለው አዲስ አበባ የሚቀመጡ የምክር ቤት አባል ነበሩ። የዚያው የአፋር ምድር ልጅ ናቸው፤ ጠዋት በአውሮፕላን መጥተው በሙሉ ሱፍ አዳራሽ ገቡ። ከምሳ በፊት ስለ ወቅታዊ አገራዊ ጉዳዮች ለፓርቲ ባልደረቦቻቸው ስጋት መልስ ይሰጣሉ። ከምሳ በኋላ እነዚሁ ባልደረቦች ለመጪው ምርጫ እሳቸውን መልሰው ያጫሉ፣ ወይም በሌላ ሰው ይተካሉ። ወንበራቸው በመልሳቸው ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ባልደረቦቻቸው አልራሩላቸውም። ስኳር ጠፍቷል አሉ። መብራት በየሰዓቱ ይሄዳል። ጅቡቲ የሚመላለሰው ከባድ መኪና ግመል እየገጨ ያልፋል፤ ነዳጅ የጫነው ቦቴ በደጃችን እየሄደ እኛ ለጄኔሬተር ናፍጣ አጣን። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ከሰሙ በኋላ፣ ጥያቄዎቹ ተቀራራቢ ስለሆኑ አጠቃልዬ እመልሳለሁ አሉ። ብዙ ሰው ይህን ዘዴ ይጠላል፤ እኔ አደንቀዋለሁ። ስኳርና ግመል አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብተው ሁለቱም ሳይታዩ የሚወጡበት ሌላ ጥበብ አላውቅም።

ከአዋሽ እስከ ሰመራ መንገዱ ሰላም ነው፣ የአዳይቱ ገበያ ሞልቷል፣ በቀሩት ጉዳዮች ላይ አቅጣጫ ተቀምጧል እያሉ ሳለ መብራት ጠፋ። ማይክሮፎኑ ዝም አለ፤ የአየር ማቀዝቀዣውም ተከተለው። የሰመራ ሙቀት ወረፋ አይጠብቅም፤ ተያይዘን ወጣን። የከተማው ዛፎች ያኔ ገና ራሳቸው ጥላ የሚፈልጉ ስለነበሩ ሁሉም የአዳራሹን ግድግዳ ጥላ ተከትሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ክቡርነታቸውም ኮታቸውን አውልቀው፣ አባታቸው ይቀመጡ እንደነበረው እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ስህተታቸው ይህ ነበር።

አፋር መንገደኛ ሲያገኝ ቁጭ ብሎ ወሬ ይለዋወጣል፤ ዳጉ ይባላል። ያየኸውን አየሁ ትላለህ፤ የሰማኸውን ከማን እንደሰማህ ትናገራለህ። ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ከዚያ በኋላ «እዚያ ማዶ ውኃ አለ» ቢል ግመሉን ነድቶ የሚከተለው አያገኝም። ሰውየው አዳራሹ ውስጥ ክቡር ነበሩ፤ መሬት ላይ ግን ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ሆኑ። ከባልደረቦቻቸው በዕድሜ የሚበልጡት፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉት ሽማግሌ በለሆሳስ ጀመሩ።

«መንገዱ ሰላም ነው አልከን። አየህ ወይስ ሰማህ?»

ክቡርነታቸው ወደ እኔ ዞር አሉ። እኔ የምሰጣቸው ማይክሮፎን አልነበረኝም።

«ሰማሁ።»

«ከማን?»

«ከሪፖርት።»

«ሪፖርት የማን ልጅ ነው?»

ከወዲያ በኩል አንዱ በሽርጡ አፉን ሸፈነ። ሽማግሌው ግን የቀለዱ አይመስሉም፤ ወደ አዳይቱ ገበያ ተሻገሩ። ክቡርነታቸው ገበያውን ከአውሮፕላን መስኮት እንዳዩት ተናገሩ።

«ስኳሩ ከዚያ ላይ ይታያል?»

አንዱ ስለ ናፍጣው ጠየቀ፤ እሱም የተሰማ ሆኖ ወጣ። መብራቱም እንደዚያው። እንዲህ እየሆነ አገራዊው ጉዳይ ሁሉ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። በመጨረሻ ሽማግሌው አዘኑላቸው መሰል፣ «እሺ፣ በዓይንህ ያየኸውን ብቻ ንገረን» አሏቸው።

ክቡርነታቸው ያወለቁትን ኮት ጉልበታቸው ላይ አጣጠፉ። ላብ በአንገታቸው ይወርዳል።

«ምክር ቤት ውስጥ፣ ስብሰባ ላይ የሚተኛ ሰው አይቻለሁ።»

«ማን ነው?»

«ማታ በቴሌቪዥን ነው ያየሁት። እኔ ነኝ፣ ወላሂ።»

ጥላው ስር የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሽማግሌው እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። እኔ ሰውየው አለቀላቸው ብዬ የስንብት ዜናውን በሐሳቤ መጻፍ ጀምሬ ነበር። ከሰዓት በኋላ መልሰው አጯቸው። ሽማግሌው ያቀረቡት ክርክር ቀላል ነበር፦ አዲስ ሰው ብንልክ ያየውን መናገር እስኪጀምር ዘመኑ ያልቃል፤ ይኼኛው ግን ዛሬ ጀምሯል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ጨመሩ። ከአሁን በኋላ የሚመጡት በመኪና ነው፤ በየከተማው ወርደው ዳጉ ይቀመጣሉ።

ከወራት በኋላ እናቴን ልጠይቅ አዋሽ ወረድኩ። አባቴ ባቡር ጣቢያ የሠራ ስለሆነ ቤታችን እዚያው ነው። ሳምንታት ሰንብቼ አንድ ቀን መንገድ ዳር ሻይ ቤት ስገባ ክቡርነታቸውን በሁለት ሹፌሮች መሃል አየኋቸው፤ ኮታቸው ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። ቦታ ለቀቁልኝና ሰመራ እንዴት ናት አሉኝ። እኔም አንባቢ ሰው ነኝና ከጋዜጣ ያገኘሁትን ዘርዝሬ መለስኩ፦ ስኳር ገብቷል፣ መብራቱ ተሻሽሏል፣ ምክንያቱም እንዲህና እንዲህ ነው። ሻዬ እስኪበርድ አወራሁ። እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቁኝ።

«አየህ ወይስ ሰማህ?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት፣ በዚያው ዕለት ከሰመራ የመጣው ሹፌር መሳቅ ጀመረ።