ከኮልፌ እስከ ጊቤ የተጫነ ኮሮጆ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው። ኮልፌ ውስጥ፣ ወደ ጅማ ከሚወስደው መንገድ ብዙም ሳይርቅ፣ ሲኞር ፒዬሮ የሚባል ጣሊያን የሞተር ብስክሌት ጋራዥ ነበረው። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የቀሰምኩት ጣሊያንኛ ስለነበረኝ አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረኝ።

የማስተረጉመው በደንበኞችና በጋሽ ወልዴ መካከል ነበር። ጋሽ ወልዴ ኮርቻ ሠሪ ናቸው። ከዚያ በፊት በጅማ መንገድ የነጋዴ በቅሎ እየጫኑ ብዙ ዘመን ተመላልሰዋል። ጣሊያን ገብቶ የበቅሎው ንግድ ሲቀዘቅዝ ለሞተር ብስክሌት የቆዳ ኮሮጆ ወደ መስፋት ዞሩ።

«የቀጠሩህ ለእጅህ ነው ለአፍህ?» አሉኝ፣ ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ።

«ለአፌ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እጅህን ከቆዳዬ ላይ አንሳ።»

ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ሲመጣ ምን እንደሚጭን፣ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የት የት እንደሚያድር እንጠይቀዋለን። ኮሮጆ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። የቆርቆሮ ሳጥን ዝናብ አያስገባም፤ ግን ይከብዳል፣ ድንጋያማ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭም የኋላውን የዕቃ መጫኛ ብረት፣ ፖርቶ መጋላውን፣ ይሰነጥቀዋል። ሸራ ቀላል ነው፤ ሰም ካልተቀባ ውኃ ይጠጣል። ቆዳ ዕቃውን አቅፎ ይይዛል፣ አይንኳኳም፤ የጋለው ጭስ ማውጫ፣ ማርሚታው፣ ከነካው ግን ያሳርረዋል። ከባድ ዕቃ ወደ ታችና ወደ ነጂው ይጠጋል። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ሞተሩ ኩርባ ላይ ወደ ከበደው ይጎትታል።

ይህን የመጨረሻውን ለጋሽ ወልዴ ማንም አላስተማራቸውም። በቅሎም እንዲሁ ናት። ሁለቱን ኮሮጆ በሁለት እጃቸው ያነሱና ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። ከዚያ ከአንደኛው ጥቂት ዕቃ አውጥተው ወደ ሌላኛው ያዛውራሉ።

እኔ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ቃል ስሸከም ውዬ፣ ቤቴ ስገባ የምናገረው አይተርፈኝም ነበር። ብዙ ጊዜ እንዲህ አለፈ።

አንድ ክረምት ሲኞር ካርሎ የሚባል መንገድ ቀያሽ መጣ። እስከ ጅማ ብቻውን ሊሄድ ነው። የቅየሳ መሣሪያ፣ ካርታና ልብስ ይጭናል።

«የቆርቆሮ ሳጥን ስጡኝ» አለ።

«ጊቤ ሳትደርስ ብረቱ ይሰበርብሃል» አለው ሲኞር ፒዬሮ።

ተከራክረው በመጨረሻ በላዩ ሸራ የሚለብስ የቆዳ ኮሮጆ መረጡ። የጎደለው ማሰሪያው ነበር። ዘለበት ያለው ቀበቶ የሚመጣው ከአስመራ ነው፤ ያን ሰሞን አልመጣም።

«መጫኛ አለኝ አይደል?» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ዘለበት ምን ያደርግልናል?»

መጫኛ ካልለፋ የበሬ ቆዳ የሚገመድ የጭነት ማሰሪያ ነው። ውኃ ውስጥ ነከሩት፤ እንደረጠበም በእግራቸው ደግፈው እየሳቡ አሰሩበት። ሲደርቅ ይሰበሰባል። በማግስቱ ቀያሹ መጥቶ ኮሮጆውን በጫማው መታው። አልተነቃነቀም።

«ሰውየው በሚስማር ነው እንዴ የመታው?» ብሎ ሳቀ።

ተረጎምኩላቸው። «በቅሎዬን እንዲህ ቢረግጣት መልሳ ትረግጠው ነበር በለው» አሉኝ። እሱንም ተረጎምኩ። ቀያሹ ይበልጥ እየሳቀ ሄደ።

የተመለሰው በጭነት መኪና ነው። ወደ ጊቤ ሲወርድ የቀኙ ኮሮጆ ተንሸራቶ የኋላ ጎማ ውስጥ ገባ። ክንዱ ተሰበረ፤ መሣሪያው ገደል ገባ። እሱ በመጣ በማግስቱ ካራቢኜሪዎች፣ የጣሊያን ፖሊሶች፣ ጋራዡ ድረስ መጥተው ጋሽ ወልዴን ወሰዱ። ያን ጊዜ ጣሊያን መንገድ ላይ ከወደቀ፣ የጣለው ሰው ይፈለጋል። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ተወስደው ያልተመለሱ ሰዎች እንዳሉ ኮልፌ ሁሉ ያውቃል።

ሲመረመሩ እንዳስተረጉም ተጠራሁ። ሲኞር ፒዬሮ አብሮኝ መጥቶ በር ላይ ቀደመኝና «ቀያሹ ዕቃ አብዝቶ ነው ይበሉ። እኔም እደግፋቸዋለሁ» አለኝ። ገብቼ ለጋሽ ወልዴ ነገርኳቸው።

«የመዘንኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ዕቃው አልበዛም። በዚህ እድሜዬ ሚዛን አያውቅም ልባል ነው?»

የጣቢያው ሹም፣ ማሬሻሎው፣ አልተቆጣም። ያስፈራኝም ይኸው ነው። ቀያሹ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ከጎኑ ተቀምጧል።

«በዚህ መጫኛ ስንት ዘመን አሰርክ?» ብሎ ጀመረ ማሬሻሎው።

«ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«ሲረጥብ እንደሚላላ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ክረምት መሆኑንስ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው እያወቅህ ነው ያደረግኸው።»

የከሰሳቸው ሙያቸው ነበር። ጀማሪ ቢሆኑ ስህተት ነው ይባልላቸው ነበር።

 «መጫኛ መቼም ይላላል» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ለዚህ ነው ጫኝ ከበቅሎዋ ጎን የሚሄደው። ቁልቁለት ሲደርስ ያቆማትና ያጠብቃል። ዝናብ ሲያባራም ያጠብቃል። አጥብቅ ተብሎ አይነገረውም፤ ያውቀዋል። ሞተሩ ጎን የሚሄድ ጫኝ እንደሌለ አላሰብኩም። ሳስር እንደወትሮው ነው ያሰርኩት።»

ከዚያ ወደ ቀያሹ ዞሩ። «እርስዎስ ኮሮጆው ሲዘምም አላዩትም?»

እስረኛ ጣሊያንን አይጠይቅም። ክፍሉ ውስጥ ከሁለታችን በቀር አማርኛ የሚሰማ አልነበረም፤ ጥያቄውን ብውጠው የሚያውቅብኝ የለም። እንዳሉት ተረጎምኩ።

ማሬሻሎው ጠረጴዛውን መታ። «እዚህ የምጠይቀው እኔ ነኝ!»

ቀያሹ ግን የተንጠለጠለ ክንዱን እያየ መለሰ። «አይቼዋለሁ» አለ። «ወልቂጤን እንዳለፍኩ ዘመም ብሎ ነበር። ዝናቡ ስለበረታ ከሞተሩ አልወረድኩም። ያደርሰኛል ብዬ ነው።»

«በደንብ አስበህ ተናገር» አለው ማሬሻሎው።

«አስቤ ነው።»

ጋሽ ወልዴ በዚያ ቀን አልተለቀቁም። ክረምቱ እስኪወጣ አቆዩአቸው። ሲመጡ ጉንጫቸው ገብቷል፤ ሱሪያቸውን በገመድ አስረዋል።  ቁጭ ብለው ወስፌያቸውን ፈለጉ።

«ዘለበቱ መጥቷል በላቸው» አለኝ ሲኞር ፒዬሮ።

«ዘለበት አይላላም?» ብለው ጠየቁኝ።

«እሱም ይላላል።»

«እንግዲያው ባለ ሞተር ሲመጣ ወደዚህ ጥራልኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ነጂ ኮሮጆውን በገዛ እጁ ፈትቶ፣ ጭኖ፣ መልሶ ሳያስር ከጋራዡ አልወጣም። ጋሽ ወልዴ አጠገቡ ቆመው ያያሉ፤ የት የት ቆሞ ማጥበቅ እንዳለበት እኔ እነግረዋለሁ። ብዙዎቹ ተናደዱ። አንድ መኮንን ይህ የሎሌ ሥራ ነው ብሎ ጮኸብን።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ይሳደባል፣ ጋሼ።»

«ይሳደብ። ግን ይሰር።»

አሰረ።

በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሻንጣ ሊመርጥ የሚመጣ ሰው ስለ ቆዳው፣ ስለ ሸራውና ስለ ሳጥኑ ይጠይቃል። መልሱለት። ከዚያ በፊት ግን መንገድ ላይ ወርዶ የሚያጠብቀው ማን እንደሆነ ጠይቁት። ብቻውን የሚሄድ ከሆነ ማሰሩን እናንተ ዘንድ ተምሮ ይሂድ።