ወንዙን ያዞረው ካብ

ወንዙ ከወጨጫ ተራራ ሲነሣ ሕፃን የሚሻገረው ቀጭን ውሃ ነው። በባሕር ዛፉ መሐል ተሹለክልኮ፣ የዓለም ባንክ ሰፈርን ኮንዶሚኒየሞች የሳሙና አረፋ ተቀብሎ፣ እትዬ ወለተጻድቅ አጥር ሥር ሲደርስ እንደ ክርን ይታጠፋል። ክረምት ላይ ተራራው ከዘነበበት፣ እዚህ ፀሐይ እያለ እንኳ ቀይ ደራሽ ጎርፍ ይወርዳል።

ካቻምና ደራሹ የጓዳቸውን ግድግዳ ላሰው። ባል የሞተባቸው ብቸኛ ሴት ናቸው፤ ፈሩ። በበጋው ድንጋይ አስመጥተው ክርኑ ላይ ወፍራም ካብ አስካቡ። ካቡ ቤታቸውን አዳነ። ውሃ ግን መሄጃ አያጣም፤ ወደ ማዶ ዞረና የጎረቤታቸውን የቦሩን የጎመን መደብ ይገምሰው ጀመር።

ቦሩ ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያ ጎመን ነው። አምና ክረምት እኩሌታው ከነአፈሩ ሄደበት። እንዲያም ሆኖ ረቡዕና ዓርብ አንድ እስር ይዞላቸው ይመጣል።

“ተራራው ተቆጥቷል፣ እትዬ” ይላል።

“አዎ፣ ተራራው ነው” ይላሉ አንገታቸውን ደፍተው። ጎመኑን ተቀብለው፣ ካቡን ሳያዩ ይገባሉ።

ዘንድሮ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ አንድ ማለዳ ነጠላቸውን አደግድገው ወንዙ ውስጥ ወረዱ። ካቡን ከላይ እየናዱ ድንጋዩን ዳር ላይ ሲያስቀምጡ ቦሩ ከማዶ አያቸው። ሱሪውን ሰብስቦ ተሻገረ።

“ምነው፣ ካቡ ተናደብዎት? እኔን አይጠሩም?” አለና ያወረዱትን ድንጋይ አንሥቶ መልሶ ካበው። ሌላም ጨመረበት።

“ተወው፣ ቦሩ።”

“ብርድ ይመታዎታል፤ ይውጡ። እኔ እጨርሰዋለሁ።”

“ተወው አልኩህ። መሬትህን የሚበላው እሱ ነው፤ ተራራው አይደለም።”

ቦሩ ድንጋይ እንደታቀፈ ቆመ። “አውቃለሁ እኮ” አለ። “ውሃ ከየት እንደዞረ ገበሬ ይጠፋዋል?”

“ታዲያ ለምን ተራራው ነው ትለኛለህ?”

“እርስዎ ሲጨነቁ እያየሁ ምን ልበል? ጎመን ተመልሶ ይተከላል፤ ቤት አይተከልም።”

ቢሰድባቸው በቀለላቸው ነበር። ቀና ብለው ሊያዩት አልቻሉም። ድንጋዩን ከእቅፉ ተቀብለው ዳር ላይ አኖሩት።

“እኩሌታው ይውረድ” አሉ ወደ ውሃው እያዩ። “ደራሹን እንካፈለዋለን።”

ቦሩ ወደ ጓዳቸው ግድግዳ፣ ከዚያም ወደ ተራራው አየ። ቆይቶ ጎንበስ አለና፣ እሳቸው የማይችሉትን ትልቁን ድንጋይ ይነቀንቅ ጀመር።