ሰውን ሁሉ ብልባላ የወሰድኩ ዕለት

ባለፈው ወር ፍላቂት ላይ ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ ትኩስ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ ተቀምጬ ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አጠገቤ የተቀመጡት ሁለት ወጣቶች ግን በክርክር ሞቋቸዋል። የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሠራተኞች ናቸው። አንደኛው፣ ዳታቤዝ የሚያስተዳድር ሰው ትእዛዙን በገዛ እጁ መጻፍ አለበት ባይ ነው። ሌላው ደግሞ በማውስ ጠቆም ጠቆም አድርጎ የሚሠራበት ፕሮግራም እያለ ምን አደከመኝ ይላል። እኔ በእነሱ ዕድሜ ሳለሁም ክርክሩ ይኸው ነበርና ሳቄ መጣ።

«ጋሼ፣ ምን አሳቀዎት?» አለኝ ባለማውሱ።

«እኔም እንደ ጓደኛህ ነበርኩ» አልኩት። የሆነውን ሁሉ ግን ለመንገር ጊዜ አልነበረም።

ያኔ ከኮሌጅ እንደወጣሁ ላሊበላ ከተማ ውስጥ፣ ለገበሬዎች የገብስ ምርጥ ዘር በሚያከፋፍል ፕሮጀክት ተቀጥሬ ነበር። የገበሬዎቹን ስምና ዘሩን የሚረከቡበትን ቦታ የያዘውን ዳታቤዝ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ገበሬዎቹ የሞሉትን ቅጽ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡት ደግሞ እትዬ ዘነቡ ነበሩ፤ በጽሕፈት መኪና ዘመን ሥራ የጀመሩ ጸሐፊ። ስሞቹን በሰንጠረዥ የሚያሳይ ፕሮግራም ነበራቸው። አንድ ነገር ሊለውጡ ሲሉ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ስሙን እንደገና አንብበው «አዎ» የሚለውን ይጫናሉ። ይህን ሳይ ያስቀኝ ነበር። የተማረ ሰው በኮምፒውተሩ ጥቁር ገጽ ላይ ትእዛዙን ጽፎ ነው የሚሠራው ብዬ አምን ነበርና። ጉረኛ ነበርኩ፤ ዛሬ ይህን ለማለት አይከብደኝም።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ሰማዩ ከሰዓት በኋላ መጥቆር በጀመረበት ሰሞን፣ አርባ የሚሆኑ ገበሬዎች ዘሩን ላሊበላ መምጣታቸው ቀርቶ እዚያው ቅርባቸው ብልባላ እንዲረከቡ ተወሰነ።

«አንድ በአንድ ልለውጣቸው?» አሉኝ እትዬ ዘነቡ።

«ይተዉት፣ እኔ በአንድ መስመር እጨርሰዋለሁ።»

ጻፍኩም። የመረከቢያ ቦታውን ብልባላ አድርግ የሚለውን ጻፍኩና «የእነዚህን አርባ ሰዎች ብቻ» የሚለውን ቀሪ ግማሽ ረሳሁት። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነህ ወይ አላለኝም። በቅጽበት የፍላቂቱም፣ የኩልመስኩም፣ የላሊበላውም ገበሬ ሁሉ ብልባላ ተገኘ።

ክው ብዬ ቀረሁ። መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጥ የእኔ ሥራ ነበር፤ ነገ ነገ ስል አላስቀመጥኩም። ቅጾቹ በጆንያ ታስረው ወልድያ ተልከዋል። ዝርዝሩ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ወደየመረከቢያው መሄድ አለበት። ስሙ በቦታው ያልተገኘ ገበሬ ዘር አያገኝም፤ ዝናቡም ማንንም ቆሞ አይጠብቅም።

እትዬ ዘነቡ አልተቆጡኝም። «አይዞህ፣ እስቲ ረጋ በል» አሉ። «እኔ እንደሁ የየቦታውን ቅጽ በተራ በተራ ነው ያስገባሁት።»

እውነታቸውን ነው። ኮምፒውተሩም እያንዳንዱ ስም የገባበትን ቀን በራሱ ይመዘግባል።

«የፍላቂትን መቼ ጀመሩት?»

«በሚያዝያ ሚካኤል። ለማርያም ጨረስኩት።»

«የኩልመስክንስ?»

«በማርያም ማግስት መብራት ጠፍቶ ዋለ። በጊዮርጊስ ማግስት ጀምሬ ወሩ እስኪያልቅ። የብልባላን በልደታ ነው የያዝኩት፤ ጎረቤቴ የላከችልኝን ንፍሮ እየቃምኩ። የላሊበላው መጨረሻ ነው፣ ከግንቦት ሚካኤል ወዲህ።»

እሳቸው በታቦት ሲነግሩኝ እኔ በወረቀት ላይ ኮምፒውተሩ ወደሚያውቀው የፈረንጅ ቀን እመነዝራለሁ። ነገሩ ጭንቀቴን እስኪያስረሳኝ ገረመኝ። እሳቸው አንድም ቀን ጽፈው አላስቀመጡም፤ ግን ሁሉንም ያውቃሉ። ኮምፒውተሩ ሰከንዷን ሳይቀር መዝግቧል፤ ግን የትኛው የማን እንደሆነ አያውቅም። ከዚያ በዚያ ስስቅበት በነበረው ፕሮግራማቸው ስሞቹን በቀን ደርድረን አየናቸው። በማርያምና በጊዮርጊስ መካከል መብራት ጠፍቶ የዋለበት ባዶ ቀን እንኳ እሳቸው ባሉት ቦታ ቁጭ ብሏል። ትእዛዙን እንደገና ጻፍኩ፤ አሁን ከነሁለተኛ ግማሹ። ሰዉ ሁሉ ወደየቦታው ተመለሰ፤ አርባዎቹም ብልባላ ገቡ።

«አሁንም ስም በስም እንየው» አሉ እትዬ ዘነቡ። «ዘግይቶ መጥቶ ከሌላው ጋር የገባ ቅጽ አይጠፋም።»

«ቀኑ ልክ ነው፣ ትእዛዙም ልክ ነው። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?» አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ሰንጠረዥ ላይ ማፍጠጡን ገና ሳስበው ሰለቸኝ። ዝርዝሩ ሄደ።

ሰኔ አጋማሽ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አህያቸውን ደጅ አስረው ገቡ። ጋቢያቸው በዝናብ ርሷል፣ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። አያ ሞላ ይባላሉ፤ ከኩልመስክ በላይ ካለ መንደር ናቸው። እትዬ ዘነቡ አይተው አወቋቸው። ታመው ስለነበር ቅጻቸውን ዘግይተው ራሳቸው ይዘው የመጡት፣ የብልባላው ቅጽ ወደ ኮምፒውተር በሚገባበት ሰሞን ነበር። ኩልመስክ ሄደው ስምዎ ብልባላ ነው ተባሉ። ላሊበላን አልፈው፣ ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ወጥተው ወርደው ብልባላ ሲደርሱ ደግሞ የቀረው ዘር ለሌላ ታድሏል።

«እኔ ብልባላ ዘመድ የለኝ፣ መሬት የለኝ» አሉ። «ማነው እዚያ የወሰደኝ?»

ቁጣ አልነበረባቸውም። ነገሩ ግራ ገብቷቸው ማወቅ የፈለጉ ነበር የሚመስሉት።

«ማሽኑ ነው፣ አባቴ። ተሳስቶ ነው» አልኩ።

ጎንበስ ብለው ኮምፒውተሩን ከፊት አዩት፤ ዞረውም ከኋላ አዩት። «ይኸ ነው? ታዲያ ይኸ ብልባላን የት ያውቀዋል?»

እትዬ ዘነቡ ቀና ብለው አዩኝ። እውነቱን እንድናገር ጊዜ እየሰጡኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁና እውነቱን ሳልናገር ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። መጋዘን ውስጥ የተረፈ ጥቂት ምስር ተሰጣቸው። አያ ሞላ በእጃቸው ዘገን አድርገው አዩትና «ለገብስ ብዬ ነበር ማሳውን ያለሰለስኩት» ብለው አህያቸውን ጭነው ሄዱ። አፈርኩ። እስከ ዛሬም አፍራለሁ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ስንገባ ባለማውሱ «ታዲያ የትኛው ይሻላል ይላሉ?» አለኝ። ለማየት ማውሱ ጥሩ ነው፣ ለመሥራት ጽሑፉ፤ የተጻፈ ትእዛዝ ቢያንስ ተመልሶ ይነበባል አልኩት። ጓደኛውም አሸነፍኩ ብሎ ሳቀ።

ለእነሱ የሚበቃ መልስ ነው። አያ ሞላ ግን ሌላ ነበር የጠየቁት፤ እሳቸው መልስ ሳያገኙ ነው የሄዱት። በኩልመስክ ባለፍኩ ቁጥር ወርጄ በሕይወት እንዳሉ ልጠይቅ እልና እተወዋለሁ። የምነግራቸው ነገር ብዙ አይደለም። ማሽኑ ብልባላን አያውቀውም። የማውቀው እኔ ነበርኩ።