ብብቴ ውስጥ የሞቀው ቴርሞሜትር

ለነፍስ አባቴ ያልተናዘዝኩት የለም ማለት ይቻላል። ጾም ገድፌአለሁ፣ ሰው አምቻለሁ፣ ሰክሬ ከሰው ተጣልቻለሁ፤ ሁሉንም ተናግሬ፣ ስግደቴን ተቀብዬ፣ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ተብዬ ወጥቻለሁ። ይህችን አንዷን ግን ምላሴ ላይ ስትመጣ እውጣታለሁ። እሳቸው ስለ ቴርሞሜትር ምን ያውቃሉ እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። ውሸትን ውሸት ለማለት ቴርሞሜትር ማወቅ ያስፈልጋል እንዴ? ይኸው እስከ ዛሬ ለፍጡር ተንፍሼው አላውቅም። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

መንዝ፣ ሞላሌ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር እኔና የክፍሌ ልጅ አስካለ የሳይንስ ቪዲዮ እየሠራን ኢንተርኔት ላይ እንለጥፍ ነበር። ስልኩ የታላቅ ወንድሜ ነው፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ። እኔ እቀርጻለሁ፣ እሷ ትናገራለች። የበግ ጸጉር ባና ለምን ያሞቃል? ባቄላ በእኛ ደጋ ማገዶ ሲጨርስ ውሎ የማይበስለው ለምንድን ነው? እንዲህ ያለ ነገር። የሚያየን የክፍላችን ልጅና አንድ የማናውቀው ሰው ነበር። ያ ሰው ምንም ብንለጥፍ ልብ ይልክልናል፤ አስካለ "ይኼ ሰውዬ ሳያይ ነው የሚወደው" እያለች ትስቅበታለች።

አስካለ ያላየችውን አትናገርም። አንድ ነገር ስትለካ ታነባለች፣ ፊቷን ታዞራለች፣ እንደገና ታነባለች። "ኧረ ተይ፣ ማን ያይብናል?" እላታለሁ። "እኔ አየዋለሁ" ትለኛለች። በቃ፣ እንዲህ ነበረች። እኔ ደግሞ ስትስቅ ለማየት ስል ብዙ ነገር የማደርግ ሰው ነበርኩ። አንድ ቀንም አልነገርኳትም።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት እንደ ልማዱ ሰው ሁሉ ግቢውን ጠርጎ ጥራጊውን ደጁ ላይ ያጨሳል፤ ጢሱ በሽታ ያባርራል ተብሎ። አስካለ ከተማው ላይ የተኛውን ጢስ ስታይ ቆየችና "በሽታ ካባረረ ውርጭስ?" አለችኝ። የአባቷ የጋሽ ደጀኔ ገብስ ገና እሸት ነበር። የኅዳር ውርጭ እሸት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ የመንዝ ሰው ለመንዝ ሰው አያስረዳም።

ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ሁለት ቴርሞሜትር ተዋስን። ጎህ ሳይቀድ ከጋሽ ደጀኔ ማሳ ዳር ቆምን። በአንደኛው ጥግ ትንሽ ኩበት አጨስን፤ እዚያ አንዱን ቴርሞሜትር ተከልን። ሌላውን ጢስ ከማይደርስበት ራቅ አድርገን ተከልን። እሷ የሩቁን ልታነብ ሄደች፣ እኔ ጢሱ ዘንድ ስልኩን ይዤ ቀረሁ። "ከዜሮ በታች ነው!" ብላ ጮኸች። አጎንብሼ የእኔን አየሁት። እሱም ከዜሮ በታች፤ ልክ እንደዚያኛው። ጢሱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ ገብሱን ዞር ብሎም አላየው።

ያኔ ቴርሞሜትሩን ነቅዬ በጋቢዬ ሥር ብብቴ ውስጥ ከተትኩት።

ለምን? ብርዱ ጣቴን ስላደነዘዘው ነው? ጢሱ አይሠራም የሚል ቪዲዮ ማን ያየዋል ብዬ ነው? እሷ እንድትስቅልኝ ነው? ሁሉም ነው። ሁሉም ስለሆነ ግን አይቀልም። እኔ ነኝ ነቅዬ ያሞቅሁት፤ እኔ ነኝ እግሯ ሲመጣ ሰምቼ መልሼ የተከልኩት።

ቀዩ መስመር መልሶ እየወረደ ነበር። "ቶሎ በይ፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው!" አልኳት። ባትሪው አላለቀም። ተንበረከከች፣ አነበበች፣ "ከዜሮ በላይ አራት!" አለች። ፊቷን አዙራ እንደገና ልታነብ ስትል "በቃ ተቀርጿል" ብዬ እጇን ይዤ አስነሣኋት። ሳቀች። ያ ሳቅ ቪዲዮው መጨረሻ ላይ አለ።

ቪዲዮው ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ታየ። ሰልፍ ላይ ተጨበጨበልን። ያ ልብ ላኪ ሰውዬ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ጻፈ፤ "ጎበዞች" ብሎ። ጋሽ ደጀኔ በጎረቤት ስልክ አዩት። ማንበብ የማይችሉ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ስታነብ ግን አዩ። "የእኔ ልጅ ካነበበችው አለቀ" አሉ አሉ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሰማዩ ጥርት ብሎ ውርጩ መምጣቱን ሲያውቁ ጋሽ ደጀኔ የኩበቱን ክምር አፍርሰው ማሳው ዙሪያ ደረደሩት። እናትየውና አስካለ ያለፈውን በጋ ሙሉ የጠፈጠፉት የዓመት ማገዶ ነው። ዛፍ በሌለበት አገር ኩበት ማለት እራት ነው፣ እሳት ዳር መቀመጥ ነው። እስከ ንጋት አጨሱት። ከዚያ ገብሱ እንደ ጎረቤቶቹ ገብስ ነጣ፤ ፍሬ የሌለው ገለባ ሆነ። ጎረቤቶቹ ግን ቢያንስ የሚሞቁት ነበራቸው።

ጋሽ ደጀኔ አልተቆጡም። ምነው በተቆጡ! "ልጅ ናት፤ ተሳስታ አንብባ ነው" ብለው አለፉት። የሰፈሩ ሰው "ጢስ አንባቢዋ" ይላት ጀመር፤ ለቀልድ ነው፣ ግን ስም ሆኖ ቀረ።

አስካለ ወደ እኔ መጣች። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ ነበር። "አጠገቤ ነበርክ። ስንት ነበር የሚለው? ተሳስቼ አንብቤ ነው አይደል?" አለችኝ። ዓይን ዓይኔን ታያለች። ለመናገር አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር፣ ወይ ነዶ! እኔ ግን "ስልኩን ነበር የማየው፤ ቴርሞሜትሩን ዓይኔን ግንባር ያድርገው አላየሁትም" ብዬ ማልኩላት። ዓይኔ ምንም አልሆነ። ግንባር ያደረግሁት የእሷን ዓይን ነው። ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀችና "እንግዲያ እኔ ነኝ" ብላ ሄደች።

ሌላ ቪዲዮ አልሠራንም። ያን ዓመት ቤታቸው ማገዶ ሲለምን ከረመ፤ አስካለ ትምህርቷን ጥላ ደብረ ብርሃን አክስቷ ጋ ሄደች፣ ፋብሪካ ገባች። እኔስ? እኔማ ተማርኩ። ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ቀየት የምትባል ትንሽ ከተማ ተመደብኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ ምን ዓይነት ስንቅ ቢሆን ነው እያደር የሚከብደው? የምኖረው በኪራይ ክፍል ነው። ከሥራ ገብቼ በሬን ስዘጋ የሚያናግረኝ የለም። ያን ጊዜ ስልኬን አወጣና የቪዲዮውን መጨረሻ እከፍታለሁ። ሰው ስናፍቅ የማዳምጠው ሳቅ ዋሽቼ ያገኘሁት ነው፤ ከዚህ የባሰ ብቸኝነት ካለ ንገሩኝ።

ከዓመታት በኋላ ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ሄጄ መናኸሪያው ደጅ አገኘኋት። ተቃቅፈን ተሳሳቅን፤ እንደ ወንድሟ ቤቷ ወሰደችኝ። ትንሹ ልጇ አተኩሶት ተኝቷል። ከመድኃኒት ቤት የገዛችውን ቴርሞሜትር ከልጁ ብብት አወጣችና ለእኔ ዘረጋችልኝ። "አንተ እይልኝ። እኔ እንደሆነ ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አላምነውም። ሁልጊዜ ጎረቤት ጠርቼ ነው የማስነብበው" አለች እየሳቀች። የጥንቱ ሳቅ አይደለም። ቴርሞሜትሩ ገና ከልጁ ብብት ሙቀት አልበረደም። አነበብኩላት፣ ልጁን ጤና ጣቢያ ወሰድነው፣ ተሻለው። ስንመለስ ሻይ አፈላችልኝና "አባባ እስኪሞት አንድ ቀን አልወቀሰኝም፤ እሱ ነው የሚቆጨኝ" አለችኝ። ይህን ሰምቼም ሻዬን ጠጣሁ። ተሰናብቼ ሄድኩ። የመጀመሪያውን ልጅነት ነው በሉልኝ፤ ይህኛውን ምን ትሉታላችሁ?

ዘንድሮ ተማሪዎቼ እንደ እኛ ቪዲዮ መሥራት ጀመሩ። የድሮውን ቪዲዮ አግኝተው "መምህር፣ እርስዎ ነዎት እንዴ የቀረጹት?" ብለው ጉድ አሉ፤ ያንኑ ሙከራ እንድገመው ብለውም ተነሡ። ከለከልኳቸው? አልከለከልኩም፤ ከከለከልኩ ምክንያቱን ልናገር ነዋ። ለሙከራው ትንሽ ጭድ አጨሱ፣ ለኩ፣ ተመለሱ። መሪያቸው ቀዝቅዛ ቆመች። "መምህር፣ በሁለቱም በኩል ያው ነው። ደጋግመን አየነው። እኛ ተሳስተን አንብበን ይሆን?" አለችኝ።

ያን የአጥር ሥር የአስካለን ድምፅ ነው የሰማሁት። "አልተሳሳታችሁም" አልኳት። ወዲያው ሸሽቼ ክፍሌ ገባሁ። ለዚያች ልጅ ለማለት ያልከበደኝን ቃል ለአስካለ ለማለት ይህን ሁሉ ዓመት ምን ያዘኝ?

ቪዲዮውን ዛሬ አጥፍቼዋለሁ። ለራሴም አላስቀረሁትም። ይህን የምታነቡት እሱ በነበረበት ገጽ ላይ ነው።

አስካለ፣ ይህን ጽሑፍ ከማንም በፊት ላንቺ ልኬዋለሁ። ይቅር በይኝ ልል አፌ አይደፍርም፤ ጋሽ ደጀኔን ከመቃብር ጠርቼ ልጅዎ አልተሳሳተችም ልላቸው አልችልም። አንድ ነገር ብቻ ተቀበይኝ። ከእንግዲህ ልጅሽ ሲያተኩሰው ጎረቤት አትጥሪ። ራስሽ አንብቢው። ያን ጧት ቴርሞሜትሩ አራት ይል ነበር፤ አራት ነው ያነበብሽው። ዓይንሽ አልዋሸሽም፤ እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።