ከወጥ ቤቱ ጎን ያለው ክፍል

በእኛ ከተማ፣ እዚህ ካንሳስ፣ በበጋ ቤዝቦል ሊጫወቱ የሚመጡ የኮሌጅ ልጆች ደመወዝ የላቸውም። በየሰዉ ቤት ነው የሚያድሩት፤ የተቀበለቻቸው ሴት ታበላቸዋለች፣ ልብሳቸውን ታጥባለች፣ ሜዳ ሄዳም ትጮኽላቸዋለች። ኔቫ ስትሬከር ባላቸው ኦርቪል ከሞቱ ወዲህ ምግብ ማብሰል ትተው በሻይና በብስኩት ነበር የሚኖሩት። አምና ብሬይደን የሚባል ኳስ ወርዋሪ ሲመጣላቸው ምድጃቸው እንደገና ሞቀ። ልጁ ደግሞ ሆዳም ነው፣ እግዜር ይባርከው! ጎመንና ሥጋ የተሞላውን ዳቦ ሙሉ ትሪ ጠርጎ፣ "እማማ ኔቫ፣ ቅምሻውን ጨረስኩ፤ ምሳው የታለ?" ይላቸዋል። ሴትዮዋ በሳቅ ይፈርሳሉ።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ፣ አንድ እሁድ፣ ብሬይደን ከኮሌጁ መኪናውን አስነሥቶ መጣ። የሁለት ዓመት ኮሌጁን ሊጨርስ ነው፤ በዚህ በጋ አይቶ የሚወስደው ዩኒቨርሲቲ ካላገኘ ቤዝቦሉ አበቃ ማለት ነው። አሠልጣኙ ለምኖ በምሥራቁ ጠረፍ፣ ትልቁ የበጋ ሊግ ውስጥ ቦታ አግኝቶለታል። እዚያ ለዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የሚመርጡ መልማዮች አንድ ጨዋታ አያመልጣቸውም። እኛ ሜዳ የሚመጣ መልማይ ግን፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ መንገድ የጠፋበት ብቻ ነው።

"እዚሁ ነው የምመጣው፤ ነገ ለአሠልጣኙ እነግረዋለሁ" አላቸው።

"አበድክ እንዴ? ሂድ እንጂ!"

"እኔ ከሌለሁ መች ያበስላሉ? ደግሞ ወደዚያ ብስኩትዎ ሊመለሱ? ወስኛለሁ አልኩ።"

ኔቫ ለመኑት፣ ተቆጡት፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ጀርባቸውን ሰጡትና፣ "ክፍሉን ለሌላ ልጅ ሰጥቼዋለሁ" አሉት።

ቀልድ መሰለው። "ደግሞ የትኛው ጉረኛ ነው?"

"ከቴክሳስ የሚመጣ ነው። ጨዋ ልጅ ነው አሉ። ልነግርህ አስቤ ረሳሁት።"

"ረሱት?"

"አዎ፣ ረሳሁት! አርጅቻለሁ፣ ምን ላድርግ?"

የልጁ ፊት ቀላ። ክፍሉ ገብቶ አምና ትቶት የሄደውን አሮጌ ጓንት ይዞ ወጣ። ትኩሱ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አልነካውም።

"ደህና ይሁኑ፣ ወይዘሮ ስትሬከር" አለና ወጣ። እማማ አላላቸውም።

የምን ቴክሳስ፣ የምን ጨዋ ልጅ! ማንም አልነበረም። ኔቫ መኪናው እስኪታጠፍ በመስኮት አዩትና ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ብሬይደን ወደ ትልቁ ሊግ ሄደ። አንድ ቀንም አልደወለላቸውም። እሳቸውም አልደወሉም፤ እውነቱ ካፋቸው ካመለጠ ሁሉን ጥሎ እንደሚመጣ ያውቃሉ። የአልጋውን አንሶላ ግን በየሳምንቱ ይቀይራሉ።

ሰኔ ላይ የቡድናችን ኃላፊ ራንዳል አንድ ሻንጣ የተሸከመ ልጅ አስከትሎ በራቸውን አንኳኳ።

"እትዬ ኔቫ፣ ይኼ ልጅ ማደሪያ አጣ። የብሬይደንን ክፍል ይስጡልኝ።"

"ክፍሉ ተይዟል።"

"በማን?"

"ከቴክሳስ የመጣ ልጅ አለበት።"

ራንዳል የቡድኑን ልጆች አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ ከቴክሳስ የመጣ የለም። በትከሻቸው አሻግሮ አየ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ስኒ ሻይና የተከፈተ ብስኩት አለ።

"እሺ፣ እትዬ ኔቫ" አለ፤ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣቸውና ልጁን ይዞ ሄደ።