ማርያም ማርያም ያለጊዜው

በሰባት ወሬ ከሞላሌ ገበያ ስመለስ ምጥ ያዘኝ። ጎረቤቴ እማማ አሰለፈች ሆስፒታል አደረሱኝና አልጋዬ አጠገብ ተንበርክከው «ማርያም! ማርያም! ቶሎ ፍቻት!» ይሉ ጀመር።

አዋላጇ መርምራኝ ምጡን የሚያረግብ ክኒን ሰጠችኝ፤ የልጁን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌም ወጋችኝ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራ፣ «እማማ፣ አሁን ባትፈታት ነው የሚሻለው። መርፌው እስኪሠራ ሁለት ቀን እንኳ ብናገኝ ትልቅ ነገር ነው» አለቻቸው።

እማማ ክው አሉ። ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ ሌላ ጸሎት ጸልየው አያውቁም። «ታዲያ አትፍቻት ልበላት? ይሄማ እርግማን ነው!»

እኔ በዚያ ሁሉ ጭንቅ ሳቄ መጣ። እሳቸው ግን ብዙ አሰቡና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «እመቤቴ፣ የቅድሙን ጸሎቴን አንቺው ዘንድ አስቀምጪልኝ» አሉ።

ምጡ ረገበ። ሁለት ቀን የለመንንለት፣ ዛሬ እግሬ ሥር የሚድኸው ልጄ፣ አምስት ሳምንት ቆየ። ሁለቱንም ሴቶች ሳላመሰግን የዋልኩበት ቀን የለም።

ምጡ ሲመለስ እዚያው ሆስፒታል ሄድን። ያችው አዋላጅ ስትመረምረኝ እማማ አንገታቸውን ብቻ በበሩ አስገብተው በሹክሹክታ ጠየቋት፦

«ልጄ፣ ያስቀመጥኩትን ጸሎት አሁን ላውጣው?»