ከበረንዳ ሳንወርድ ጅማ የገባን ቀን

ትናንት ከሰዓት በኋላ ልጄ አኮረፈኝ። ድሬዳዋ፣ ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ባለው አሸዋማ መንገድ ላይ የሰፈሩ ልጆች ድንጋይ ጎል አድርገው ኳስ ይጫወታሉ። እኔ ጥላ ፈልጌ በር ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። የኔው ልጅ የመታት ኳስ ድንጋዩን ታክካ ስታልፍ ጭቅጭቅ ተነሣ። ገብታለች፣ አልገባችም። በመጨረሻ አንዱ፣ "አቦ፣ እትዬ ወይንሸት እዚያው ናቸው፤ እሳቸው ይፍረዱ!" አለና ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በውጭ ነበር ያለፈችው። በውጭ ነው አልኳቸው። ልጄ አፍጥጦ አየኝና፣ "አንቺ ደግሞ የማን እናት ነሽ?" ብሎኝ ገባ። ማታም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

ያን ፊት አውቀዋለሁ። የራሴ ፊት ነው። ልጅ እያለሁ፣ ቦንጋ፣ አባቴን በዚሁ በኳስ ምክንያት ልክ እንደዚህ አኩርፌው ነበር።

አባቴ ጋሽ ተክሌ ልብስ ሰፊ ነበር። በወጣትነቱ ለንግድ የመጡ ዘመዶቹን ተከትሎ ከጉራጌ አገር ቦንጋ ገባና እዚያው ቀረ። የስፌት መኪናው የሚቀመጠው መንገድ ዳር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ነበር። የዚያ በረንዳ ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም፤ እርጥበት የያዘው ካኪ፣ የመኪናው ዘይት፣ የከሰል ካውያ የራሰ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው እንፋሎት። የቦንጋ ዝናብ ደግሞ ቀን መርጦ አይዘንብም። የአገሬው ሰው ዝናብ ሲይዘው አይሮጥም፤ ቅርብ ወዳለው በረንዳ ጠጋ ይልና "እንዴት ዋላችሁ" ብሎ ወሬውን ይቀላቀላል። ዝናቡ ቢያባራ እንኳ ወሬው ካላለቀ አይሄድም። የከተማችን ኳስ ደጋፊዎችም እንዲሁ አንድ በአንድ በዝናብ እየተነዱ ገብተው፣ ሳይታወቃቸው የአባቴን በረንዳ ጽሕፈት ቤታቸው አደረጉት።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ከሁሉ የማይጠፉት ሦስቱ ናቸው። ጋሽ ሸምሱ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ቡና የሚጭንበት አሮጌ አይሱዙ ነበረው። መምህር ዳኘው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው። ኮቺቶ ግን እዚያው ቦንጋ ተወልዶ ያደገ ጎረምሳ፣ ቢሮ ተቀጥሮ የሚሠራ፣ የደጋፊው ከበሮ መቺ ነበር። አማርኛውን ከካፍኛ ጋር እያቀላቀለ ሲያወራ ከሁሉም ይልቅ የሚጣፍጠው የሱ ወሬ ነው። እኔ ከአባቴ እግር ሥር ዱካ ላይ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ፤ ጆሮዬ ግን ከነሱ ጋር ነው።

በኳስ ተገናኝተው ስለ ኳስ የሚያወሩት ጥቂቱን ነበር። መምህር ዳኘው ተማሪ ሳለ ባሕር ዳር ያየውን የሙዚቃ ዝግጅት ይተርካል፤ በተረከ ቁጥርም አንድ ነገር ይጨምርበታል።

"ባለፈው ሳምንት ዘፋኙ ነጭ ኮት ነበር የለበሰው፤ ዛሬ ቀይ ሆነ እንዴ መምህር?" ይላል ኮቺቶ።

"መሀል ላይ ቀየረ!"

"ይሄን ሁሉ ዓመት ቆይቶ በዚህ ሳምንት ቀየረ?"

ጋሽ ሸምሱ መንገድ መንገዱን ነው የሚያወራው። ቢታ ገነት ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ስትሰምጥ የሰፈሩ ሰው ለመግፋት ተሰብስቦ፣ "ጭቃው የትም አይሄድባችሁም፤ መጀመሪያ ብሉ" ብሎ አስቸግሮ ቤት እንዳስገባው። የደካ ሰው ጎል ሲገባ አይጮህም፣ ጎረቤቱን ዞር ብሎ ያይና ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፣ በቃ። የጎረቤታችን ከተማ የዋጫ ስም ሲነሣ ደግሞ ሁሉም በአንድ አፍ ነው። "የዋጫ ሜዳ ሜዳ ነው? ዳገት ነው እንጂ! ኳሷን ማዕዘን ላይ አስቀምጠህ ዞር ስትል ራሷ ወርዳ ወንዝ ትገባለች" ይላል ጋሽ ሸምሱ፣ እና በረንዳው በሳቅ ይሞላል።

የዋጫ ሰዎችም ዝም አይሉም። "ቦንጋዎች ኳስ አያዩም፣ ይሰማሉ" ይሉናል። እውነታቸውን ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጭጋጉ ከጫካው ተነሥቶ ቀስ እያለ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ አንዱ ጎል ጋ የቆመ ሰው ሌላውን ጎል አያየውም። ስለዚህ ደጋፊው አንድ ሥርዓት ነበረው። በሁለቱም ጎል አጠገብ አንድ አንድ ሰው፣ መሀል ላይ ደግሞ አንድ ይቆማል። አቀባይ ይባላሉ። ጎሉ ጋ ያለው ያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ የመሀሉ ይቀበልና ወዲያኛው ጥግ ላለው ሕዝብ ያስተላልፋል። ሰው ጭጋግ ውስጥ ቆሞ፣ ጃንጥላውን ይዞ፣ በሌላ ሰው ዓይን ኳስ ያያል። አቀባይ ያለውን ማንም አይከራከርም፤ አንድ ጊዜ ከተጠረጠረማ ጨዋታው ቀረ ማለት ነው። እንግዳው ቡድንም ዳኛውም ይህንን ያውቃሉ። የመሀሉ አቀባይ ኮቺቶ ነበር። የላይኛው ጎል ደግሞ የአባቴ ነው። ሲምል የሰማው ሰው ስላልነበረ መረጡት።

በዚያ ዓመት ነገሩ ሁሉ ጅማ ጅማ ይል ጀመር። ዋጫን ካሸነፍን የሚቀጥለው ጨዋታ በሳምንቱ ቅዳሜ ጅማ ነው። በዚያው ቅዳሜ ማታ ደግሞ ከአዲስ አበባ አንድ የሙዚቃ ባንድ ጅማ መጥቶ ይጫወታል ተብሎ ተወራ። መምህር ዳኘው እንቅልፍ አጣ። ጋሽ ሸምሱ አይሱዙዋን አጣጥቦ ደጋፊውን ሊጭን ቃል ገባ። ለእኔ ግን ጅማ ማለት ሌላ ነበረች። ታላቅ እህቴ በላይነሽ እዚያ ነው ያገባችው። ያሳደገችኝ፣ ጠጉሬን የምትሠራኝ፣ አልጋዬን የምትጋራኝ እሷ ነበረች፤ ከሠርጓ ወዲህ ዓይኗን አላየሁም። ወልዳለች የሚለውንም በሰው ነው የሰማነው። አባቴ፣ "ካለፍን ይዤሽ እሄዳለሁ" አለኝ። እናቴ ኪዳን የማይቀርባት ሴት ናት፤ ዘፈን የሚባል ነገር ስሙ እንዲነሣ አትወድም፤ "ሰዎቹ ወደ ዘፈናቸው ይሂዱ፤ እናንተ በቀጥታ በላይነሽ ቤት" ብላ ፈቀደች። እኔ በየማታው ስጸልይ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ከጸለይኩ በኋላ፣ አፍሬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ዋጫንም እንድናሸንፍ" እላለሁ።

ያን ሰሞን የላይኛው ጎል መረብ በጎኑ በኩል ተቀዶ አባቴ እንዲሰፋው ቤታችን መጥቶ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ደግሞ ለጅማው መንገድ አረንጓዴ ጨርቅ አምጥቶ፣ አይሱዙዋ ላይ የሚዘረጋ መፈክር ይሰፋበት አለ። ሦስቱም ምን ይጻፍበት በሚለው ሲከራከሩ ሰነበቱና በመጨረሻ "ጅማ እንዴት ነሽ? ቦንጋ ነን" በሚለው ተስማሙ። ፊደሎቹ ከነጭ አቡጀዲ ተቆርጠው አንድ በአንድ የሚሰፉ ናቸው። አባቴ ወደ መረቡ እጁን ሲሰድ፣ "ተወው ጋሽ ተክሌ፣ መረቡ ይደርሳል፤ መፈክሩ ይለቅ!" ይሉታል። መረቡ እንደተቀደደ ተመልሶ ተሰቀለ። ገና ዋጫን ሳንገጥም ጅማ የምንሰቅለው አለቀ።

የዋጫው ጨዋታ ቅዳሜ ነበር። አቻ ብንወጣ የሚያልፉት ዋጫዎች ናቸው፤ ማሸነፍ የነበረብን እኛ። አንድም ጎል ሳይገባ ጭጋጉ ወረደ። እኔ ከአባቴ አጠገብ ጃንጥላውን ይዤለት ቆሜያለሁ። ሊያልቅ ሲል አንዱ የኛ ልጅ በጎን በኩል ብቅ ብሎ መታት። ቧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ኳሷን መረቡ ውስጥ አየኋት። ልጆቻችን ተቃቀፉ። የዋጫው በረኛ፣ "በቀዳዳው ነው! ከውጭ ነው!" እያለ ይጮሃል። ዳኛው ከጭጋጉ ውስጥ እየሮጠ ወጣና መረቡ ውስጥ የተኛችውን ኳስ አየ፤ ፊሽካውን ወደ አፉ አስጠጋ። ከዚያ ግን ቆም ብሎ ወደ አባቴ ዞረ።

ከመሀል ሜዳ የኮቺቶ ድምፅ መጣ። "ጋሽ ተክሌ! ምን ልበል?"

አባቴ ፊቱን በእጁ ጠረገ። ጅማን፣ በላይነሽን፣ ያላየውን የልጅ ልጁን እያሰበ እንደነበር ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

"አልገባችም በል!" አለ። "በቀዳዳው ነው!"

"አልሰማሁም!"

ሰምቷል። ከድምፁ ያስታውቃል። አባቴ ደገመለት። ከዚያ ጭጋጉ ውስጥ ኮቺቶ፣ "ዬሮ" ሲል ሰማሁት፤ አምላኬ ማለቱ ነው፤ ቀጥሎም እያዘነ፣ ግን አንዲት ቃል ሳይቀንስ፣ "አልገባችም... በቀዳዳው ነው..." እያለ ለሕዝቡ አስተላለፈ። ወዲያኛው ጥግ የነበረው ጭብጨባ እንደ ተዘጋ ሬዲዮ ጸጥ አለ። አቻ ወጣን። ዋጫዎች አለፉ።

በማግሥቱ በረንዳችን ላይ ማንም አልመጣም። ሰኞ ዘነበ፤ ሰው በፊታችን እየራሰ አልፎ ሌላ በረንዳ ገባ። ማክሰኞም እንዲሁ። የሰደበው የለም። ሰላምታም አልነፈጉትም፤ ኮፍያቸውን ነካ አድርገው ያልፋሉ። ወሬያቸውን ግን ወሰዱበት። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ይሰፋል፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ያን ያህል ትልቅ መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ሳምንት ነው። እኔም አኩርፌዋለሁ። ቁልፍ ትከይ ሲለኝ እተክላለሁ፤ ቀና ብዬ ግን አላየውም። አንድ ቀን አልቻልኩምና፣ "ዝም ብትልስ ኖሮ?" አልኩት።

ክሩን በጥርሱ በጠሰ። "ቀዳዳውን የተውኩት እኔ ነኝ" አለ። "እኔ በተውኩት ቀዳዳ የገባችን ኳስ እንዴት ብዬ?" ከዚያ ወደ መንገዱ እያየ፣ "እኔም ልጄ ናፍቃኛለች እኮ፣ ወይኑ" አለኝ።

ቅዳሜ ደረሰ፤ ጅማ ልንሄድበት የነበረው ቅዳሜ። ጠዋት የጀመረው ዝናብ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። መጀመሪያ የመጣው ጋሽ ሸምሱ ነው፤ ኪሱ የተቀደደ ኮት ይዞ። ኪሱ አዲስ ነው የተቀደደው፤ እጁን አስገብቶ ራሱ የቀደደው ይመስላል። ኮቱን ሰጠና ቆመ። ትንሽ ቆይቶ መምህር ዳኘው ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ። ኮቺቶ ከሁሉ ኋላ መጣና ከበረንዳው ጫፍ፣ ግማሽ ትከሻው ዝናብ እየመታው ቆመ። አባቴ ኪሱን ይሰፋል።

ጋሽ ሸምሱ ሰዓቱን አየ። "ይኼኔ እኮ" አለ፣ ለማንም ሳይሆን፣ "ጎጀብ ቆላ ወርደን ነበር።"

"ሙቀቱ!" አለ ኮቺቶ። "ካፖርቴን አውልቄያለሁ።"

"አንተማ ሸሚዝህንም አውልቀሃል" አለ መምህር ዳኘው። "እኔ ነኝ ከነክራባቴ ያለሁት። ማታ ዝግጅት አለብኝ።"

"ሸቤ ላይ ምሳ እንበላለን።"

"የሸምሱ መኪና ሸቤ ከደረሰች!"

"ዳገቱ ላይ ወርደህ ትገፋለህ፤ ለአስተማሪ የተለየ ነገር የለም!"

ወሬው ተመለሰ፤ መኪናዋም ሄደች። ዳገቱን ወጣች፣ ጎማዋ ተነፈሰ፣ ተጠገነ። እኔ ቁልፍ መትከሌን ትቻለሁ። አባቴ እጁ ኮቱ ላይ እንዳለ ያዳምጥ ነበር። ከዚያ የስፌት መኪናውን መርገጡን አቆመና ቀና ሳይል ጠየቀ፤

"መኪናዋ ላይ እኔም አለሁ?"

ኮቺቶ ነው የመለሰው። "ጋቢና ነው እንጂ ያለኸው፣ ጋሽ ተክሌ! ከሾፌሩ ጎን! መንገድ ላይ ጭጋግ ቢወርድ ማን ሊነግረን ነው?" አለና ከጫፍ ወደ ውስጥ ገባ። አባቴ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሳምንት በኋላ ፊቱን አየሁት፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ እዚያው በረንዳው ላይ እንዳለን፣ ጅማ ገባን። መፈክራችን ተዘረጋ፤ ኳሱንም አሸነፍን። መምህር ዳኘው ወደ ሙዚቃው ሊወስደን ሲነሣ፣ እስከዚያ ድምፅዋ ያልተሰማው እናቴ ከጓዳ፣ "በላይነሽ ቤት ሳትገቡ?" አለች። ሁሉም፣ ጋሽ ሸምሱ ጭምር፣ "በስመአብ! ረስተናት!" ብለው መኪናዋን አዞሩ። በላይነሽ በር ከፈተች። ሁሉንም አስቀመጠች፣ አበላች። ሕፃኑን ለአባቴ አስታቀፈችው። ማንን ይመስላል ብለው ጥቂት ተጨቃጨቁና አባቴን ይመስላል አሉ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከበሩ ጀርባ ቆማ ትሰማ ነበር።

በላይነሽን በእውነት ያየኋት ብዙ ቆይቼ፣ አድጌ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ብዙ ተመላልሻለሁ፤ አሁን በአስፋልት ነው የሚኬደው። ከመንገዶቼ ሁሉ ደህና አድርጌ የማስታውሰው ግን ያንን ያልሄድኩትን ነው። አባቴም፣ ጋሽ ሸምሱም አልፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማርልኝ።

እዚህ ድሬዳዋ ጭጋግ የለም። ፀሐዩ ሁሉን አጋልጦ ያሳያል። ትልልቆቹ ልጆች ጨዋታቸውን በስልክ ይቀርጹና ወደ ኋላ እየመለሱ ያዩታል፤ አይተውም አይስማሙም፤ ተጣልተው ይለያያሉ። ያን ጊዜ ግማሽ ሜዳ ሳይታየን አንድ ሰው "አልገባችም" ሲል ከተማው በሙሉ አንጀቱ እያረረ አምኖት ወደ ቤቱ ገባ። ማኩረፉ ሌላ ነገር ነው። ዋሸን ግን ማንም አላለውም።

ዛሬ ጠዋት ከኪዳን ስመለስ ልጄ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ "ከሰዓት በኋላ እዚሁ ትቀመጫለሽ?" አለኝ።

"ለምን?"

"ልጆቹ ናቸው ጠይቃት ያሉኝ።"

ምስሩን ትናንት ለቅሜ ጨርሼዋለሁ። ሽሮ የሚሆን ሽምብራ ግን አለኝ። እሱን ይዤ እወጣለሁ።